ለጣውንቴ ጄኔሬተር ስንመርጥላት

ባሌ በስተርጅናው ጣውንት አመጣብኝ።

ነጭ ናት፤ ሆዷ ሰፊ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባት። በትሬለር ተጭና ነው የመጣችው። አፍንጫዋ የጋራዡን በር ሊነካ ሲል ጭራዋ መንገድ ላይ ተረፈ። የምንኖረው አውሮራ ነው፣ ዴንቨር ጥግ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ልጃችን ቤት። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተው ቆሙ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ቆምኩና፣ "እልል ልበል ወይስ ልፋታህ?" አልኩት።

"እልል በይ" አለኝ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። "ከአንቺ ትሻላለች። ቢያንስ አትናገርም።"

የሸራ ጀልባ ናት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሐይቅ ላይ ሲዝናናባት ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክምበት ለባሌ ሰጣት። ኮሎራዶ ባህር የለም፤ ያለው ተራራ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀብን። ሃቫና ስትሪት የሐበሻ ሱቅ ስገባ ሴቶቹ "እትዬ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለእኛም ቦታ ያዙልን" ይሉኛል። "የሚያዘው ሁለት ሁለት እንስሳ ነው፤ አንቺን ከማን ጋር ልጻፍሽ?" እያልኩ አልፋለሁ።

ባሌ ግን አላበደም። ወጣት ሆኖ ምጽዋ፣ ጦር መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እኔ ሳገባው ባህሩን ትቶ ነው የመጣው፤ ባህሩ ግን እሱን አልተወውም። ሲተኛ እንኳ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ነው፣ አልጋው እንዳይጥለው።

እዚህ አገር መጀመሪያ ስንመጣ ካፒቶል ሂል ነበር የተከራየነው፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከኮልፋክስ አውቶቡስ ወርዶ ትልቁን የሩዝ ከረጢት ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ ነበር ደረጃውን የሚወጣው። ማፏጨቱን ስሰማ ነው ወጥ የማወጣው። በኋላ ማፏጨቱ ቀረ። ከዚያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እያረፈ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ሳንባው ተበላሽቷል ተባለ፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደረገለት፣ አልጋው ሥር የኦክስጅን ማሽን ገባ። ማሽኑ ቀን ከሌት እንደ ድመት ያንኮራፋል። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ሽንት ቤትም ኩሽናም ይከተለዋል። እኔ ሳላይ ስረግጥበት፣ "ገዳዬ፣ እግርሽን አንሺ" ይለኛል።

ሐኪሙ አንድ ቀን እንዲህ አለው። ዴንቨር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ እንደ እርስዎ ላለ ሳንባ ይከብዳል። ወደ ባህር ጠርዝ ቢወርዱ ይቀልልዎታል።

ልጃችን ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ነገሩ ገባት። "ሂዩስተን ዘመድ አለን፣ እዚያ ትቀመጣላችሁ" አለች።

"የሰው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አልሞትም" አላት። "ባህር ጠርዝ ከሆነ ባህሩ ላይ ነው።"

ይኸው ነው ጣውንቴ የመጣችበት ምክንያት። በጋ ላይ ቴክሳስ ባህር ዳር ልንወስዳት፣ እሱ እላይዋ ተኝቶ ሊተነፍስ። እኔም አብሬ ልሄድ። እኔ ውሃ የምወደው በብርጭቆ ነው፤ ግን ባሌን ከጣውንት ጋር ብቻውን የምልክ ሞኝ አይደለሁም።

ችግሩ ምንድነው፣ የኦክስጅኑ ማሽን መብራት ይፈልጋል። ወደብ ላይ መሰኪያ አለ፤ እሱ ግን ከወደቡ ወጣ ብሎ፣ ሰው የሌለበት፣ መልሕቅ ጥሎ መተኛት ነው የሚፈልገው። እዚያ ጄኔሬተር የግድ ነው። የባህር ዳሩ ሙቀት ደግሞ እርጥብ ነው፣ ደረት ይዘጋል። ስለዚህ አየር ማቀዝቀዣ ኤሲም የግድ ነው። ልጃችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጋራዡ በር ላይ ቆመችና ፍርዷን ሰጠች።

"ማሽኑና ኤሲው አንድ ላይ ሲሠሩ እዚሁ፣ በዓይኔ ካላየሁ፣ አባዬን ከዚህ ግቢ አላስወጣም። እማዬ፣ አንቺም እንዳታግዢው።"

"እኔ መቼ አግዤው አውቃለሁ?" አልኳት። እሱም ከኋላዬ "እውነቷን ነው" አለ።

ጄኔሬተር መምረጥ ተጀመረ። አማካሪው የባሌ የድሮ ጓደኛ ነው፣ አስመራ ያደገ፣ እዚያው መርከብ ላይ ሞተር ክፍል የነበረ። አሁን ወደ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ባሌን በአሥር ዓመት ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ በማዕረግም ያንሰው ስለነበር እስከዛሬ "ጋሼ" ነው የሚለው፣ "አንተ" ብሎት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይገባ ጀልባዋን መታ መታ ያደርጋታል፣ እንደ በሬ።

እሱ የሚፈልገው በናፍጣ የሚሠራውን፣ ሆዷ ውስጥ ታስሮ የሚቀመጠውን ትልቅ ጄኔሬተር ነው። "ጋሼ፣ ለዕድሜ ልክ ነው የሚሆንዎት።"

"የማን ዕድሜ?" አለው ባሌ። "ትንሹ ይበቃናል፣ በእጅ የሚነሳው። ውጭ፣ ከኋላ፣ ነፋሱ ጭሱን በሚወስድበት ይቀመጣል። ሆዷ ውስጥ ጭስ ቢያመልጥ ሽታ እንኳ የለውም፣ ተኝተን እንቀራለን። እኔ የምፈልገው ጩኸት የማያበዛ፣ ብዙ የማይጠጣ፣ ሲጠሩት የሚነሳ ነው።"

"እኔም ባል ሲፈለግልኝ እንዲህ ያለውን ነበር ያልኩት" አልኩ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። "ማን ሰማኝ።"

ጓደኛው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ።

ለኤሲውም ክርክር ነበር። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ ሸራውን ሲያዞሩ ያደናቅፋል አሉ። ሌላው አልጋ ሥር የሚገባው ነው፤ የባህር ውሃ በቱቦ ይጠጣል፣ በዚያ ራሱን ያበርዳል፣ ከዚያ ውሃውን በጎን በኩል ይተፋዋል። ቢፈለግ ደግሞ ቀዝቃዛውን ትቶ ሙቅ አየር ይሰጣል። እሱን መረጡ። እኔን ደስ ያለኝ መትፋቱ ነው። ጣውንት ጨዋ ብትሆን ምን ዋጋ አለው።

መሬት ላይ ለመሞከር ታዲያ ውሃ ከየት ይምጣ? ሁለቱ መርከበኞች ተያዩ። እኔ ሄጄ የልጅ ልጆቼ የሚንቦጫረቁበትን የፕላስቲክ ገንዳ፣ ዓሣ የተሳለበትን፣ እየጎተትኩ አመጣሁ። "ይኸውላችሁ ቀይ ባህር" አልኳቸው። አንዱን ቱቦ ገንዳው ውስጥ ነከሩ፣ የሚተፋውም እዚያው እንዲመለስ አደረጉ።

ሰኔ ነበር። ባሌ ትንሿን የኦክስጅን ጠርሙስ በትከሻው አንግቶ መሰላሉን ራሱ ወጣ። ልጃችን ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ ታች ቆማ ታያለች። ጓደኛው ገመዱን ሳበ፣ ትንሹ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ድምፁም ደግ ነው። ባሌ ከውስጥ ኤሲውን ነካው። ጄኔሬተሩ አንዴ አጓራ፣ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቀጥ አለ። ደግመው ሳቡት። ተነሳ፣ ሳለ፣ ቆመ። ደግመው፣ ያው።

ባሌ ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። እንዳያዝን ብዬ፣ ምን አልኩ መሰላችሁ። "ይሄም እንደ አንተ ትንፋሽ አጥሮት ነው። አፍንጫው ላይ ቱቦ አድርጉለት።"

ሳቁ። ልጃችን እንኳ ሳቀች። ባሌ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮበት ጀርባውን መታሁለት። እኔም ስላሳቅኳቸው ኮራሁ፤ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ፈቱት። ቤንዚኑን ቀየሩ፣ ካንዴላውን ቀየሩ፣ የሚጠረገውን ጠረጉ። እነሱ ሞተር የሚያውቁት ውሃው አፍ ላይ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ካጨሰ ወይ ነዳጁ ነው ወይ ዕቃው። እዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ከመኪና በቀር አስነስተው አያውቁም። በመጨረሻ ጓደኛው እጁን ጠረገና፣ "የፋብሪካ ችግር ነው ጋሼ፣ በዚያ ላይ አነሰ። ይመለስና ከፍ ያለውን እንዘዝ" አለ። ባሌም "እንደሱ ነው" አለ።

ተመለሰ። ትልቁ እስኪመጣ ጠበቅን።

እንግዲህ ያ መጠበቅ ነው የበላን። ዕቃው የለም ተባለ፣ መጣ ተባለ፣ ሌላ ከተማ ደረሰ ተባለ። ባሌ በየቀኑ ጋራዡ ፊት ወንበር አስወጥቶ ከጀልባዋ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጠዋት በግራዋ፣ ከሰዓት በቀኟ። እኔ ምሳውን እዚያ አመጣለታለሁ። "ከእሷ ጋር ነው የምበላው" ይለኛል፤ "ታጉርስህ ታዲያ" እለዋለሁ። አንድ ሰሞን መሰላሉን ሲወጣ ጓደኛው ከኋላ ይደግፈው ጀመር። በሌላው ሰሞን መሰላሉን ማየት ብቻ ሆነ። ቀበቶውን አጠበብኩለት፣ ቀዳዳው አለቀ፣ በምስማር ሌላ በሳሁለት። "ምነው ይሄ ሱሪ ሰፋ?" ሲለኝ፣ "አሜሪካ ስታጥበው የሚሰፋ ጨርቅ ነው የምትሠራው" አልኩት። አላመነኝም፤ ግን ደስ አለው።

ትልቁ ሲመጣ የዛፉ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ከባድ ነው፣ ጓደኛውና የማዶው ሜክሲኳዊ ጎረቤታችን ተጋግዘው አወጡት። ባሌን በወንበር እንዳለ ገንዳው አጠገብ አስቀመጥነው። ልጃችን የኦክስጅኑን ማሽን ከቤት አምጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኘችው፤ ማሽኑ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ኤሲው ተነካ።

ጄኔሬተሩ ወደ ታች ሰመጠ፣ ሰው በሩጫ መሐል እንደሚንበረከክ። ጭሱ መጣ። የኦክስጅኑ ማሽን መጮህ ጀመረ፣ ያ የሚያስጠላ ጩኸቱን። ልጃችን ሮጣ ቱቦውን ወደ ጠርሙሱ አዞረችና የአባቷን ከንፈር አየች።

"አልሆነም አባዬ" አለችው፣ ዝግ ብላ።

ከዚያ ተናደደች። እዚያው ቆማ ለሸጠልን ሰው ደወለች፣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ሰውየው አንድ ነገር ጠየቃት፣ "አውሮራ፣ ኮሎራዶ" ስትል ብቻ ሰማሁ። ሰውየው ሳቅ አለ፣ የክፋት አይደለም። ማብራራት ጀመረ። ስልኩን ስትዘጋ ማንንም አላየችም።

"ምን አለ?" አላት አባቷ።

"እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል አለ። እንዲህ ብዙ ሲጫንበት ደግሞ ይታነቃል። ባህር ዳር ሲወርድ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ዕቃው ምንም አልሆነም አለ።" ስልኩን ኪሷ ከተተችና፣ "የመጀመሪያውም ምንም አልነበረውም" አለች።

ጓደኛው የያዘውን ጨርቅ ጣለው። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ገና እየተወዛወዘ ነበር። ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

"በሰኔ ነግረሽን ነበር" አለኝ።

"ስቀልድ ነበራ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ጥሩ ቀልድ ነበር።"

እኔ በሕይወቴ ስንቱን ቀልጃለሁ፣ ስንቱን አሳፍሬያለሁ። ከሁሉ አንዱ ብቻ ቀልድ አልነበረም፤ እሱንም ሁላችን ስቀን አሳለፍነው።

ልጃችን በዚያው ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች። "ሄደን እንሞክረው፣ እኔም እመጣለሁ" አለች። ሐኪሙ ግን ባሌን ካየ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። በጋ ላይ ሄደው ቢሆን እሺ ነበር፣ አሁን መንገዱን አይችሉትም አለ። ስለ በጋው ያለውን ልጃችን አልተረጎመችለትም ነበር። እሱ ግን ያን ያህል እንግሊዝኛ ያውቃል።

ቤት ስንደርስ ከመኪናው ሳይወርድ ጀልባዋን ትክ ብሎ አያት። "እንግዲያው እዚሁ ተኝቼባት ልነሳ" አለ።

ጓደኛውና ጎረቤታችን በወንበር ተሸክመው አወጡት፣ እንደ ሙሽራ። አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ ጠባብ ናት፣ እኔ ከእግሩ በኩል ተጠጋሁ። ለኦክስጅኑ ከቤት መብራት በገመድ አመጡለት፣ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ብቻ እንዲሸከም። ውጭ በርዶ ነበርና ሙቅ አየሩን ከፈቱልን። ቀለል አለውና ጭራሽ አልሳለም። ከዚያ ውሃው በጎኗ ወርዶ ገንዳው ውስጥ መንቆርቆር ጀመረ። ከውስጥ ሆናችሁ ስትሰሙት፣ ማርያምን፣ የልጆች ገንዳ አይመስልም።

ባሌ እግሩን ፈርከክ አደረገ።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"ጣውንቴ እየሸናች ነው" አልኩት።

ሳቀ፣ ያለ ሳል። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። እጄን እግሩ ላይ አድርጌ፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ እያየሁ፣ ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆየሁ። ጓደኛው ታች ሆኖ ገንዳው እንዳይጎድል በባልዲ ይጨምራል። ከሰዓቱን ሙሉ ጨመረ። ባሌ ሲነቃ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ልትገባ ነበር። "ጥሩ ተኛሁ" አለ።

የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ሞተ። እዚያው ከፍታው ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቀበርነው። ሌላ የት እንወስደዋለን?

ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው መኪና ማቆሚያ አጥቶ መንገዱን ሞላው። ወንዶቹ ጀልባዋን ተደግፈው ቆመው ቡና ጠጡ። እኔ ደግሞ ከመሐል ተነስቼ ጥቁር ነጠላ አወጣሁና አፍንጫዋ ላይ አሰርኩላት። ሴቶቹ፣ ይቺ ሴትዮ ኀዘኑ አዞራት ብለው ተንሾካሾኩ።

"እሷም ባሏ ነው የሞተባት" አልኳቸው። "ብቻዬን የምለብሰው ለምንድነው?"

ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ የባሰ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። እንባዬ እንደዚያ ጄኔሬተር ሆነ፤ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ቀጥ ይላል።

በፀደይ ጓደኛው መጣ። ሥራ ትቼ ወደ ታች፣ ወደ ባህሩ ልወርድ ነው አለኝ፣ ጉልበቴም ደረቴም ሳይደክም። መጠየቅ አፍሮ ጫማውን ያያል። "ውሰዳት" አልኩት። "ጣውንቴን ለአንተ ድሬያታለሁ። ሠርጉ ላይ ግን እኔ እገኛለሁ።" ልጃችን እኔን ይዛ ከኋላ ነዳች። መንገዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ጆሮዬ ደጋግሞ ተከፈተ። ባህሩ ጋ ስንደርስ አየሩ እንደ አጥሚት ወፍራም ነበር። ከመኪና ወርጄ አንዴ ሳብ ሳደርገው ሆዴ ድረስ ገባ። ልጃችን አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ጀልባዋን ውሃ ላይ አወረዷት። ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቀና አለች። እኔ ክንዴን ሰው ይዞኝ ገባሁና እሱ የተኛባት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጓደኛው ጄኔሬተሩን ከኋላ አስቀምጦ ገመዱን ሳበ። በአንዴው ተነሳ። ኤሲውን ከፈተ፤ አላጓራም። መብራቱን ሁሉ አበራ። ልጃችን የምግብ ማሞቂያዋን ሰካች፣ የአባቷ ማሽን ቦታ ላይ። አንዲት ሳል የለም፣ ጭስ የለም። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። ውሃው በጎኗ ወደ ትልቁ ውሃ ወረደ።

ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር። "እትዬ" አለ፣ "ትንሹም ይበቃው ነበር።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ማንም "ይብቃሽ" አላለኝም፤ ልጃችን አጠገቤ ተቀምጣ ቀሚሴን ጫፉን ብቻ ያዘችው።

ሲወጣልኝ ፊቴን ጠረግኩ። ጓደኛው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን የጄኔሬተሩ ማጥፊያ ላይ አድርጎ፣ ያየኛል። "በቃ፣ ሠርቷል። ላጥፋው?" አለኝ።

"ተወው" አልኩት። "ትንሽ ይተንፍስ።"